ተራ ደረሰኝ

የጣት ጫፍ የሚያህል ነጭ የፕላስቲክ ሕፃን መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እርሱን ነበር። ዛሬ ማታ እዳውን ከፈልኩ። እጄ ገና በቆሎ በቆሎ ይሸታል፤ ሁለት ጊዜ ታጥቤው አልለቀቀም፤ እንዲለቅም አልፈለግሁም።

ነገሩ የጀመረው ጃንዩወሪ 6፣ ቅዳሜ ማታ ነው። በሜክሲኮ ያ ዕለት የሰብአ ሰገል ቀን ነው፤ ልጆች ስጦታ ያገኙበታል፣ ቤተሰብም ተሰብስቦ ሮስካ የሚባለውን እንደ ቀለበት መሃሉ ክፍት የሆነ ጣፋጭ ዳቦ በትኩስ ቸኮላት ይበላል። ላዩ ላይ በመስመር የተደረደሩት ባለ ቀለም የፍራፍሬ ቁርጥራጮች የዘውድ ዕንቍ ናቸው ይላሉ። በሊጡ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ሕፃናት ተደብቀዋል። የተደበቁት ከሄሮድስ ነው። እያንዳንዱ ሰው ቁራሹን በገዛ እጁ ይቆርጣል፤ ሕፃኑን ያገኘ ሰው ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ በካንዴላሪያ በዓል፣ ጠረጴዛውን ለከበበው ሁሉ ታማሌስ፣ ማለትም በበቆሎ ልባስ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ማብላት አለበት።

እኔ ግን ያን ዕለት ጾመኛ ነበርኩ። ለእኛ የገና ዋዜማ፣ ገሃድ ነው፤ ሮስካው ደግሞ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ገብቶበታል። ለወግ ያህል ልቁረጥና ቁራሼን አስቀምጬ በማግስቱ ልፈስክበት ብዬ ቢላዋውን ተቀበልኩ። ቢላዋው ሊጡን አልፎ አንድ ጠንካራ ነገር ነካ። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። የአከራዬ የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመት የሆነው፣ "እርሷ እኮ አልበላችውም፤ ስለዚህ አይቆጠርም" ብሎ ሊያድነኝ ሞከረ። አከራዬ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው "ያገኘው ቢላዋዋ ነው። ቴ ቶካ፣ ሚኻ" አሉኝ። ሚኻ "ልጄ" ማለት ነው። "ቴ ቶካ" ደግሞ "ተራሽ ነው" ማለት ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ ግን "ይነካሻል" ይሆናል።

እውነትም ነካኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ናርቫርቴ በሚባለው የሜክሲኮ ሲቲ ሰፈር ነው፤ አጠገቤ ያለው የሜትሮ ጣቢያ ስሙ "ኤቲዮፒያ" ይባላል። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ጣቢያ ማንበብ የማይችል ሰው የሚለየው ሥዕል አለው፤ የእኛው ሥዕል የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ በፈረንጆቹ 1936 ጣሊያን አገራችንን ወርራ የራሷ ናት ስትል ይህን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 እዚህ ሲመጡ ሜክሲኮዎች ተቀብለዋቸዋል። የእነርሱ ጣቢያ በስማችን ሲጠራ፣ የእኛም አደባባይ በስማቸው ይጠራል። ልጅ ሆኜ የታክሲ ረዳቶች "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያሉ ሲጣሩ የሰማሁትን ስም ዛሬ የምኖርበት አገር አድርጌዋለሁ። እዚህ ከየት እንደመጣሁ ስናገር ሰዎች ፊታቸው ይበራል፤ "እንደ ጣቢያው?" ይሉኛል። ከዚያ ወንበር ይስቡልኛል። ሳህን ይሞላልኛል። ገንዘብ ሳወጣ እጄን ይመልሱታል፤ "አንቺ እንግዳ ነሽ" ይላሉ። ደግነቱን አልረሳውም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆን ይከብዳል። ሲበላ ኖሮ አንድ ቀን ሳያበላ የሚሄድ ሰው በዚያ ቤት ሙሉ ሰው አይደለም፤ እኔ ያደግሁት ይህን እያየሁ ነው።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ጽዋው በየወሩ በ21 ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። እናቴ ጽዋ ያነሣች ዕለት ማታ ወደ ቤት ስትመጣ አካሄዷ ይለወጥ ነበር። ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው። ከማግስቱ ጀምሮ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይሰጣል፣ ጎረቤት "ምን ልርዳ?" እያለ ይገባል። እዳ ነው፤ ገንዘብ የሚያስወጣ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ እዳ። ነገር ግን ተራዋን ሲያዘልሏት እንደ ስድብ ትቆጥረው ነበር። ያን ቅዳሜ ማታ ትንሹን ሕፃን መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ክፍሌ ስገባ እኔም ቀጥ ብዬ መሄዴ ታወቀኝ።

ሕፃኑን ያገኘ ሰው የቤቱ የኒኞ ዲዮስ፣ ማለትም የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል፣ ክርስትና እናት ወይም አባት ይሆናል። አከራዬ ከእናታቸው የወረሱት ምስል አላቸው፤ በዲሴምበር 24 ሌሊት እንደ ሕፃን አባብለው በግርግም ያስተኙታል፣ ፌብሩዋሪ 2 ደግሞ አንሥተው፣ አዲስ ልብስ አልብሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ያስባርኩታል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ላ መርሴድ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ታላቬራ ወደምትባለው መንገድ አብረን ሄድን። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የሕፃኑን ልብስ በሚሸጡ ሰዎች ተሞልቷል። ነጭ ጥልፍ፣ የወርቅ ዘውድ፣ መዳፍ የማታህል ጫማ። ጣቱ የተሰበረን ምስል የሚጠግኑ፣ የረገፈ ሽፋሽፍት የሚተክሉ ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሴቶች ምስላቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ራሱን በክንዳቸው ደግፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። የሐኪም ልብስና የእግር ኳስ ማልያ ለብሰው የተደረደሩ ምስሎችም አየሁ፤ እነዚያን አልወደድኳቸውም። እኔ በሥዕል ፊት መስገድ እንጂ ምስል አቅፎ መሄድ የለመድኩት አይደለምና መጀመሪያ ላይ ልቤ ተጨንቆ ነበር። አከራዬ ለመክፈል ቦርሳቸውን ሲፈቱ "ያዥልኝ" ብለው ሲያቀብሉኝ ግን እጄ ሳላስበው ራሱን ደገፈ። ስምዖን አረጋዊ ትዝ አለኝ። እኛ ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትን ቀን የካቲት 8 ስናስብ፣ እነርሱ ፌብሩዋሪ 2 ያስባሉ፤ የእኛም የእነርሱም አርባ ቀን የሚቆጠረው ከየራሳችን ገና ነው። ነጩን ጥልፍ መረጥን። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም እጄን አልመለሰም።

በመንገድ ላይ አከራዬ ሶቺሚልኮ በሚባለው የከተማው ክፍል ስላለው ኒኞፓ አጫወቱኝ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሕፃኑ ኢየሱስ የእንጨት ምስል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በሰው ቤት ነው የሚኖረው። ማዮርዶሞ የሚባለው ባለ ተራ አንድ ዓመት ሙሉ በቤቱ ያኖረዋል፣ ሊሳለም የሚመጣውን ሁሉ ያበላል፣ በካንዴላሪያ ቀን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተራ ለማግኘት የተመዘገቡ ቤተሰቦች አሥርተ ዓመታት ይጠብቃሉ። አባት ተመዝግቦ ልጅ የሚያስተናግድበት ጊዜ አለ። ይህን ስሰማ ስለ ጽዋው ነገርኳቸው። መሃል መንገድ ላይ ቆሙና "እናንተም ታውቁታላችሁ ማለት ነው" አሉኝ።

ትናንት ማታ ወፍጮ ቤት ተሰለፍን። ወረፋው ጥግ ዞሮ ነበር፤ በዚህ ዋዜማ ከተማው ሁሉ የታማል ሊጥ ይፈልጋል። በቆሎው ደርቆ አይፈጭም፤ በኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ ያድራል፣ ልጣጩ ሲለቅ ታጥቦ እርጥቡን ይፈጫል። ኒክስታማል ይሉታል። ይህ ብልሃት ከስፔኖች መምጣት እጅግ የቆየ ነው፤ ኖራው ሰውነት በቆሎው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን እንዲያገኝ ያደርጋል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ኖራውን ስለተዉት በስፔንና በጣሊያን በበቆሎ ብቻ የኖሩ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ አልቀዋል። እህሉን ወስዶ የሴቶቹን ዕውቀት መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አምስት ኪሎ ሊጥ ገዛን። ችግሩ ታማል ያለ አሳማ ስብ አይሠራም መባሉ ነው። እኔ አሳማ አልነካም፤ በዚያ ላይ ዘንድሮ በዓሉ ዓርብ ዋለ። እንዴት እንደምነግራቸው ሦስት ቀን ሳስብ ሰነበትኩ። ስነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "ዓርብ ሁሉ ነው? ዓመቱን ሙሉ?" አዎን፣ ረቡዕም፣ አልኳቸው። እነርሱም በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይበሉምና ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። ሊጡን ለሁለት ከፈሉት። ስቡ እንዳይንጠባጠብብኝ ብለው ሌላ ድስት ከታች ካሉት ጎረቤት ተዋሱ። የእኔን በአትክልት ቅቤ አሸሁት፤ መሃሉ የተፈጨ ቦሎቄ ከአቮካዶ ቅጠል ጋር፣ እርሳቸው በተወለዱበት በዋሃካ እንደሚሠራው። የአቮካዶ ቅጠል ለምግብ ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅም፤ ሲጠበስ ሽታው እንሰላልን ይመስላል። የእርሳቸው ግማሹ ዶሮ በአረንጓዴ ስጎ፣ ግማሹ ቃሪያ በአይብ። ጾሙ እንዲለይ የእኔን በበቆሎው ልባስ ክር ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ሊጡ እስኪቀል ድረስ ይመታል። ቆንጥረው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲጥሉት ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ከሰጠመ ገና ነው። የእኔ አራት ጊዜ ሰጠመ። በዚህ መሃል እህቴ ደወለች። ጥር 21 የእናቴ ተራ ነበር፤ እናቴ አሁን ጉልበቷ ስለደከመ የማኅበሩ ሙሴ ተራውን ለእህቴ አስተላልፈውታል። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ጠላው እንዴት እንደነበረ ነገረችኝ። እኔም ገንዘብ ከመላክ ሌላ ያደረግሁት ነገር አለመኖሩ እንደሚያሳዝነኝ ነገርኳት። "አንቺ ምን አለብሽ" አለችኝ። ክፋት የለበትም፤ ደክሟት ነው። ግን ስልኩን ዘግቼ ሊጡን እንደ ጠላት መታሁት።

አከራዬ እጄን ያዙት። "ተቆጥተሽ ከሠራሽው ጥሬ ይቀራል" አሉኝ። ይህ ነገር እዚህ በእውነት ይታመናል፤ ቤት ውስጥ የተኳረፈ ሰው ካለ ታማሉ ግማሹ በስሎ ግማሹ ነጭ ይወጣል ይባላል። ምን እንደሆንኩ አልጠየቁም። ከበቆሎው ልባስ ክር ቀድደው የድስቱን ሁለት ጆሮዎች በትንሽ ጥብጣብ አሰሩና ቁጣው እንዳይገባ በመስቀል ምልክት አማተቡበት። ከዚያ አንድ ሳንቲም አውጥተው ከድስቱ ሥር፣ ውኃው ውስጥ ጣሉ። ውኃው እስከፈላ ድረስ ሳንቲሙ ይንኳኳል፤ ዝም ካለ ውኃው አልቋል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያን ኳኳታ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ዝም ሲል ልቤ ዘለለ፤ ሮጬ የፈላ ውኃ ጨመርኩ። የቁጣዬ መጨረሻ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ሕፃኑ በነጭ ልብሱ በቅርጫት፣ ከጎኑ ሻማና አንድ እፍኝ ዘር። ካህኑ በጠበል ሲረጩ ሁሉም ሰው ምስሉን ከፍ አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በትንንሽ ፊቶች ተሞላ።

ማታ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ድስቱን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው፤ አንዱን ፈታሁት፣ ሊጡ ከልባሱ ሳይጣበቅ ለቀቀ። ደርሷል። አከራዬ በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ "ዘንድሮ የሚኻ ተራ ነው" ይሉ ነበር። አንድም ሰው ተነሥቶ ሊያግዘኝ አልሞከረም፤ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አቶሌ የሚባለውን ትኩስ የበቆሎ መጠጥ በየብርጭቆው እኔ ቀዳሁ። ያ ትንሽ ልጅ የእኔን የጾሙን መርጦ ሦስት በላ። የተረፈውን ለየሰው በፎይል ጠቅልዬ አስያዝኩ፤ ከግብዣ ቤት ይዞ የሚወጣው ቋጠሮ ኢታካቴ ይባላል፣ ሳይሰጡ ማሰናበት ነውር ነው።

ሁሉም ሲሄድ የድስቶቹን ፎቶ ለእህቴ ላክሁ። አዲስ አበባ ነግቷል። ወዲያው ደወለች፤ "ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ?" ከማለቷ እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደሚባል፣ ለምን እንደሠራሁ አልጠየቀችም።

"ለሰው በቃ?" አለችኝ።

"ተረፈ፣ እማዬ። አስይዤ ነው የሰደድኳቸው።"