«ይህ ሥር ግንቡን በላው እንዴ?»

ጎንደር ውስጥ ለጥምቀት ሰሞን በተሰናዳ አንድ አውደ ርእይ ላይ ስድስት የስቴሪዮስኮፕ ሣጥኖች፣ ማለትም በሁለት ሌንስ ሲያዩባቸው ፎቶው ጥልቀት ያለው መስሎ የሚታይባቸው ሣጥኖች፣ ሠርቼ አቁሜ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጎብኚው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያይና ቀና ሲል «በጣም ያምራል፣ እጅህ ይባረክ» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ሁለተኛው ሣጥን ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ቀና ብለው ዐይናቸውን አሹና ደግመው አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ይህ ሥር ግንቡን በላው እንዴ?» አሉኝ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው የአፄ ፋሲል መዋኛ አጥር ነው፤ የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አቅፎ ቁልቁል የወረደበት ቦታ።

«አባባ፣ ሥሩ እኮ ከግንቡ ወደ ውጭ የወጣ ነው» አልኳቸው።

«እርሱንማ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እርሱን ጨብጬ ነው የምወጣው። አንተ ያሳየኸኝ ግን እንደ ቦይ የተቆፈረ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነበር። ክንድ የሚያህለው ሥር ድንጋዩ ውስጥ የተቦረቦረ ቦይ ሆኗል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ ደግሞ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ስላይዶች፣ ብርሃን የሚያሳልፉት ፎቶዎች፣ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ፎቶ እናነሣለን፤ አንዴ ግራ ዐይን ካለበት፣ አንዴ ቀኝ ዐይን ካለበት። ሥሩን ያነሣሁት ከሁለት ሜትር ርቀት ስለሆነ ካሜራውን ወደ ቀኝ የገፋሁት 65 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው መነሻ የርቀቱ አንድ ሠላሳኛ ነውና። እያንዳንዱ ስላይድ በየራሱ ሌንስ በኩል ለየራሱ ዐይን ሲደርስ አእምሮ ሁለቱን አዋህዶ ጥልቀት ያገኛል። የግራው ለቀኝ ዐይን ከተሰጠ ግን ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ይሆናል። እዚህ ላይ ሠሪውን የሚያሳስት ነገር አለ። ጥንዱን ከነመያዣው ብትገለብጠው ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል እንጂ ጥልቀቱ አይበላሽም። የሚበላሸው ስላይዶቹ ለየብቻ ተነሥተው ሲቀያየሩ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በዋዜማው ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን አቧራቸውን ስጠርግ ሁለቱን ከመያዣው አወጣኋቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬም በግምት መለስኳቸው። ምልክት አልነበራቸውም።

ማታ የሌሎቹንም ሣጥኖች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከፋሲል ግቢ አንዱ ግንብ ያለበት ሣጥንም እንዲሁ ተቀያይሯል! እዚያ ላይ ግን ሽማግሌውም ምንም አላሉም፤ እኔ ራሴ በየቀኑ እያየሁት አልፌዋለሁ። ምክንያቱን በኋላ ሳስበው ገባኝ። ስቴሪዮስኮፕን በ1838 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1852 ደግሞ ጥልቀትን ሆን ብሎ የሚገለብጥ መሣሪያ አቅርቦ ነበር። በደንብ የምናውቃቸው ነገሮች ለመገልበጥ እንደሚያስቸግሩ ያስተዋለውም ያኔ ነው። ግንብ ግንብ መሆኑን አእምሮ ያውቃል፤ ፊት ለፊቱ የቆመው ዛፍ ይሸፍነዋል፤ ጥላውም ይመሰክራል። ስለዚህ ዐይን የሚሰጠውን አልቀበልም ይልና ተመልካቹን አንድ ያልለየለት ድካም ብቻ ይሰማዋል። ድንጋይና ሥር ብቻ የሞላበት ሥዕል ግን የሚመሰክርለት የለም፤ ያለ ክርክር ይገለበጣል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስላይዶቹ መቀያየራቸው አይደለም። ያን ሁለት ቀን ሙሉ የሰማሁት «ያምራል» ነው። ሀገሬን አውቃለሁ፤ እንግዳ ሆኖ የሄደበትን ቤት ምግብ ጨው በዛው የሚል ሰው የለም። «እንዴት አያችሁት?» እያልኩ ምስጋና ነበር የምለምነው። ጎብኚዎቹ ይሉኝታ ይዟቸው ሰጡኝ፤ ዐይናቸውን እያሹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከመካከላቸው ጥልቀት ጨርሶ የማይታያቸውም ይኖራሉ፤ ከመቶ ሰው ጥቂቱ በተፈጥሮ ሁለቱን ምስሎች አያዋህድም። እነርሱም «ያምራል» ብለው አልፈዋል።

አሁን ሣጥን ሳቆም የምጠይቀው ሌላ ነው። «የትኛው ነው የሚቀርብዎት፣ ሥሩ ወይስ ድንጋዩ?» ለዚህ የይሉኝታ መልስ የለውም። በየስላይዱ ጥግ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ የግራው አንድ ነጥብ፣ የቀኙ ሁለት። መያዣውም በጣት የማይከፈት ሆኗል።

ጥያቄው ሌላም ነገር አሳየኝ። ልጆቹ «ሁለት ሁለት ነው የሚታየኝ» ይሉ ጀመር። የአዋቂ ሰው የዐይን ብሌኖች በአማካይ 63 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የልጅ ከዚያ ያነሰ ነው፤ የእኔ ጠባብ ሌንሶች ደግሞ ለአንድ ልክ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። ስፋታቸው 40 ሚሊሜትር በሆነ ሌንሶች ተካኋቸው፤ ከሣጥኑ ሥርም ለልጆች የጣውላ መቆሚያ አኖርኩ። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያውም አልሳትኩም። ትራኮማ ባለበት አካባቢ ዐይን የሚነካ የጎማ ክፈፍ አላደርግም ብዬ ግንባር ማስደገፊያ ብቻ ሠርቻለሁ፤ እርሱም በየጊዜው በአልኮል ይጠረጋል።

ሽማግሌው ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ተመልሰው መጡ፤ አንድ ትንሽ ልጅም ይዘው ነበር። ቀድመው እርሳቸው ጎንበስ አሉ። ምንም ሳልጠይቃቸው ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጥቶ ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ጣቶቻቸውም የሣጥኑን ጣውላ ነኩ።

«አሁን ይያዛል» አሉና ልጁን ወደ መቆሚያው አወጡት።