ለአፌ ጠባቂ ያኖረልኝ ጌታ

የጌታ ስም የተባረከ ይሁን። ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስንዴና ገብስ ለሚያስከለክለው፣ ሴሊያክ ለተባለው በሽታ ታማሚዎችና፣ ከሁሉም ሰው ተለይቶ መብላት ለደከማቸው ወገኖቼ ነው።

ለዓመታት ደሜ አልሞላ ብሎኝ ኖሬአለሁ። የብረት ማዕድን እንክብል እየዋጥኩ ደሜ ያው ነበር። ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንዱ ሐኪም ጨጓራ ነው ሲለኝ ሌላው ጭንቀት ነው ይለኛል። በጸሎት ኅብረታችን ብዙ ተጸልዮልኛል፣ ተጾሞልኛልም። እኔም «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ከሥሩ ንቀልልኝ» ከማለት ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

መልሱ በአንዲት ሐኪም አፍ መጣ። ታሪኬን ከመጀመሪያው አንስታ ጠየቀችኝና፣ «ብረቱ ያልሠራልሽ አንጀትሽ ስለማይቀበለው ይሆናል» አለችኝ። ምርመራው እስኪያልቅ ዳቦ እንዳላቆምም አስጠነቀቀችኝ፤ ሰው ካቆመ በኋላ ቢመረመር ውጤቱ ጤነኛ ሊመስል ይችላልና። የደም ምርመራው አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ከፍ ማለቱን አሳየ፤ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወሰደና ሴሊያክ መሆኑ ታወቀ።

ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ይህ በሽታ አለበት፤ ብዙው ግን ሳያውቀው ይኖራል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ ምግብ ወደ ደም የሚያስገቡትን ጥቃቅን ጣት መሰል ቅጥያዎች ያወድማቸዋል። ብረቱም ካልሲየሙም ሳይሰርጽ ያልፋል። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። ያን ማታ ተንበርክኬ አመሰገንኩ፤ ስንት ዘመን በጨለማ ስታገለው የነበረውን ነገር ጌታ በስሙ አሳወቀኝ።

በኋላ ሳነብ ዊለም ዲኬ ስለሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ አገረሸባቸው። ዲኬ ስንዴን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር፤ በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ ላይ አቀረበ። የእኔ ጤንነት መንገድ በዚያ መከራ ውስጥ ማለፉን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ከባዱ ግን መታወቁ አልነበረም፤ መጽናቱ ነው። «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ይልሻል?» የሚለኝ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን «ባርከሽ በእምነት ብዪው» የሚለው ነው፤ ከፍቅር ስለሚመጣ። እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል፤ ይህን አልጠራጠርም። ነገር ግን መከልከል አለማመን አይደለም እላለሁ። ዳንኤል ከንጉሡ ማዕድ የተከለከለው እምነት ጎድሎት ነው? ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሲመክረው የሚበጀውን እንዲወስድ ነገረው እንጂ ሕመምህን ናቀው አላለውም።

«አቤቱ፣ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለው መዝሙር ስለ ንግግር የተጸለየ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ማዕድ በቀረበ ቁጥር ስለ ምግብ ጸለይኩት። ትኩስ ዳቦ ሲሸት ምራቄን እየዋጥኩ በልቤ እደጋግመዋለሁ። ጌታ መጀመሪያ የያዘልኝ እጄን ነው፤ ምኞቱ እየቆየ በረደ። ያለ እርሱ ይህን አልችለውም ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ትግል የማያውቅ ሰው እንደ ማካበድ ያየዋል። ፍርፋሪ እንኳ ይጎዳል። ዱቄት የተነፋበት ወንፊት ቢታጠብም ቀዳዳው ውስጥ ዱቄት ይቀራል፤ ዳቦ መጥበሻውና የእንጨት ማማሰያውም እንደዚያው ናቸው፤ ስለዚህ የራሴን ለየሁ። የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባው ይነበባል፦ የአኩሪ አተር ሶስ፣ የሾርባ ማወፈሪያ፣ ብቅል። «ስንዴ የለውም» የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። «ከግሉተን ነፃ» የሚባለው ምግብ በዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ግሉተን የሌለው ነው።

የጌታ እራት ሲቀርብ ግን ውስጤ ይሰበር ነበር። ኅብስቱ የስንዴ ነው፤ አሳልፈዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ይህን አስተውለው ለብቻ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ ኅብስት በተለየ ሳህን፣ ተሸፍኖ መጣ። ሌላውን በእጃቸው ሳይነኩ በፊት መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ያን ቀን እንባዬን መግታት አልቻልኩም። እንዲህ ይደረግልኝ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለጌታ ግን ነግሬው ነበር።

ሆዴ አስቀድሞ ጸጥ አለ፣ ቀጥሎ ደሜ ሞላ። አንቲቦዲው ለመውረድ ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ ግን የምርመራው ወረቀት ጤነኛ ቁጥር ይዞ መጣ። ስሙ ይክበር!

በሽታው በቤተሰብ ስለሚሄድ ወላጆቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼም እንዲመረመሩ ተነገረን። ታናሽ ወንድሜ ላይ ተገኘ። ገና ጀማሪ ነው፤ ጓደኞቹ ሲበሉ ቁጭ ብሎ ማየት ከብዶታል፣ አንዳንዴም ይናደድብኛል። እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።