ከቀኑ ስምንት ሰዓትን ማለፍ፦ የሰባት ሳምንት ማስታወሻ

ጫት ለመተው የማደርገውን ሙከራ ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። እዚሁ ድሬዳዋ እንደኔ የሚታገል ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው የማካፍላችሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ሐምሌ ላይ ግብር ይከተላል። ጭንቀት የሚይዘኝ ያኔ ነው፤ የምቅመውም ያኔ ነው። ስመረቅን፣ ማለትም ጫቱ ሲያነቃቃኝ፣ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለኛል። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ አለ። እንቅልፍ ግን የለም። ጠዋት ቁጥር ይምታታብኛል፣ ያን ሳስተካክል ጭንቀቱ ይብሳል፣ ከሰዓት ደግሞ ተመልሼ እቅማለሁ። አምና አንድ ደረሰኝ ሁለቴ መዝግቤ እሱን ፍለጋ ሦስት ቀን ፈጀሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ሦስት ሌሊት ዱካክ፣ ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ አስጨነቀኝ። ቀን ቀን ነገር ሁሉ ያናድደኛል። በወጥ ጨው ምክንያት ባለቤቴ ላይ ጮህኩ። ማታውኑ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ጫት ለመተው እየሞከርኩ እንደሆነም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ሻይ አፈላችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አይደለሁም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ደብተሩ የጠቀመኝ። ሐራራ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ጠዋት ምን እንደገጠመኝም አብሬ እጽፋለሁ። ሐራራው ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ምክንያቱ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ተቀምጧል፦ አከራያችን ደውለው ስለ ኪራይ ጭማሪ ነግረውኛል፣ ወይም የባንኩ ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሏል። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን ደቻቱን የሚያውቅ ይገባዋል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው ማለት ይቻላል። ጎርፉ የሚመጣው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊመጣ ይችላል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ስንቱን ሰው ወሰደብን። እኔም ስምንት ሰዓት ላይ ከጎርፉ ጋር ከመታገል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡን ማየት ተማርኩ። ጠዋት የከፋ ነገር ከገጠመኝ ወዲያው ወንድሜ ጋር እደውላለሁ። የኪሴንም ብር ለባለቤቴ ልኬ የባጃጅ ብቻ አስቀራለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደቅሁ። አለቃዬ ሰው ፊት አዋረደኝ፤ ለማንም አልደወልኩም፣ ብሩም ኪሴ ውስጥ ነበር። ቃምኩ። ድሮ ቢሆን "አንዴ ከተበላሸ" ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እቀጥል ነበር። አሁን እሱንም ጻፍኩት፤ በማግስቱ አልቃምኩም። ከሰባቱ ሳምንት የምኮራው በዚያ ቀን ነው።

ስለ ሰዓቱ ትንሽ ልጨምር። ጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ካቲኖን የሚባለው ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየተዳከመ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከአወዳይ የጫት ገበያ በፍጥነት የሚጫነው፤ ለዚህ ነው ውኃ እየተረጨ በኮባ የሚጠቀለለው። ቃሚ ትኩሱን ስለሚፈልግ የግዢው ሰዓት የታወቀ ነው። ለእኔ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ነው። ያቺን ሁለት ሰዓት ካለፍኩ ቀኑን አለፍኩ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ እታጠባለሁ፣ በደንብ እበላለሁ፣ መተኛት ከቻልኩ እተኛለሁ። ባዶ ሆድ ክፉ ነው።

መንገድም ቀይሬ ነበር፤ አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን ግዴታ ሆኖብኝ በድሮው በኩል አለፍኩ። ደንበኛዬ የነበሩት ጫት ሻጭ ሴትዮ ገና ከሩቅ አዩኝ። እርጥቡን ጆንያ ገለጥ አድርገው አንዱን እስር አነሱ። ቀዩ ቀንበጥ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል። ምራቄን ዋጥኩ።

"አቦ፣ ጠፋህሳ! ያንተን አስቀምጬልሃለሁ።"

"ትቻለሁ እትዬ።"

እስሩን መልሰው ሸፈኑት። "አሏህ ያጽናህ ልጄ" አሉኝ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ሄድኩ።

አሁን ሰባተኛው ሳምንት ላይ ነኝ። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም፣ እንቅልፌ ግን ተመልሷል። እሁድ የልጅነት ጓደኛዬ ሠርግ አለ፤ በርጫ፣ ተሰብስቦ መቃም፣ መኖሩ አይቀርም። ምሳውን በልቼ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከባለቤቴ ጋር ለመውጣት ተነጋግረናል። እንዲህ ያለውን ቀን ጓደኛ ሳታስቀይሙ ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።