ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት

ድመቴን ብርቄን ለመጨረሻ ጊዜ ከጣላት ዛሬ 38ኛ ቀኗ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለመናገር እፈራለሁ። ስለዚህ ለደብተሬ ብቻ ነው የምነግረው።

የመጀመሪያው የመጣው ሌሊት ነበር። 9 ሰዓት አካባቢ አንድ ነገር ቁም ሣጥኑን ደጋግሞ ሲመታ ሰምቼ ባነንኩ። መብራቱን ሳበራ ብርቄ በጎኗ ወድቃለች። እግሮቿ እንደ እንጨት ደርቀዋል። ከዚያ የምትሮጥ ይመስል አራቱም ይንፈራገጡ ጀመር። ዓይኗ ፈጧል፣ ግን አያይም። ለሃጯ ይዝረበረባል። ሽንቷንም ለቀቀችው።

የምትሞት መሰለኝ። ዘልዬ አቀፍኳት። ምላሷን እንዳትውጥ ብዬ አፏን ልከፍት ስሞክር ጥርሷ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ድመት ምላሷን እንደማትውጥ የተማርኩት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እጅ ወደ አፏ ማስጠጋት እሷን አይረዳም፣ እኔን ግን ያቆስለኛል። እሷማ ምን ታውቃለች? ራሷን ስታ ነበር።

ሲያበቃ የመጣው ለእኔ ከመንፈራገጡም ባሰብኝ። ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጨች። ስሟን ስጠራት ጠጉሯን አቁማ ተቆጣችኝ። አራት ዓመት ሙሉ እግሬ ሥር የተኛችው ድመት አላወቀችኝም። ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍሉን ስትዞር ቆየች። ከዚያ ለቀናት ያልበላች ይመስል ሳህኗን ጠርጋ በላችና ተኛች። እኔ እስኪነጋ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ደቂቃ ቆየባት?» ብለው ነው። «አሥር ይሆናል» አልኩ። «ሰዓት አይተሻል?» አላየሁም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያበቃ ነገሩኝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከተደጋገመ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዤያት እንድሮጥ አስጠነቀቁኝ።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ጠብታ አድርገሽባታል? አላደረግኩም። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ ማጥፊያ ለውሻ ምንም ሳይሆን ድመትን ግን እስኪያንቀጠቅጣት፣ አልፎም እስኪገድላት እንደሚመርዝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ድመት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ደሟ ተመረመረ። ስኳሯ፣ ጉበቷ፣ ኩላሊቷ፣ የደም ግፊቷ ሁሉም ደህና ነው።

«ምናልባት የሚጥል በሽታ ነው» አሉኝ።

ይህ «ምናልባት» እስካሁን አብሮኝ ይኖራል። ይኸው ነው ብሎ የሚቆርጥ የደም ምርመራ የለም። ሌላ ሌላውን እያስወገዱ ነው የሚደረስበት። የቀረው አንጎሏን በኤምአርአይ ማየትና ከጀርባዋ ፈሳሽ ወስዶ መመርመር ነው፤ ሁለቱም በማደንዘዣ ነው። ዕጢ ወይም የአንጎል ብግነት ካለ የሚታየው በዚያ ነው። ለጊዜው ይቆይ አልኩ። ትክክል ወስኜ ይሁን አይሁን ሌሊት ሌሊት አሁንም እጨነቃለሁ።

ሁለተኛው ከ19 ቀን በኋላ መጣ። ያን ጊዜ አልነካኋትም። ወንበሩን ገፋሁ፣ በሷና በግድግዳው መካከል ትራስ አስገባሁ፣ መብራቱን ቀነስኩ፣ ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ። የታመመ ወገንን ቆሞ መቅረጽ ከባድ ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቪዲዮው ላይ ይታያል። ግን ሐኪሙ ከእኔ የአንድ ሰዓት ወሬ ይልቅ ከዚያ ቪዲዮ ብዙ አወቁ። ርዝመቱ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ብጠየቅ አሁንም አሥር ደቂቃ ነው ብዬ እምል ነበር።

ደብተሩን የጀመርኩት ያኔ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰከንድ፣ ከዚያ በፊት ምን ስታደርግ ነበር፣ እኔን ለማወቅ ስንት ጊዜ ወሰደባት። ስጽፍ ስጽፍ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አልፎ አልፎ የፊቷ ግራ ጎን ብቻ ይርገበገባል፣ ምንም ሳይኖር ታኝካለች፣ ለሃጯ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ሌሊት በፊትም ታደርገው ነበር። በሕልሟ እየበላች ነው እያልኩ እስቅ ነበር። ለሐኪሙ ሳሳያቸው ይህም ራሱ መንቀጥቀጥ ነው፣ በአንጎሏ አንድ ጎን ብቻ የሚነሳ፣ አሉኝ። ስንቴ እንደሳቅኩ ሳስብ ሆዴን ይበላኛል። ይቅር በይኝ ብርቄ።

ሦስተኛው በ11 ቀኑ ሲደግማት መድኃኒት ጀመርን። ፊኖባርቢታል ነው፣ ሰውም የሚወስደው። በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት። በሁለቱም አንድ ሰዓቶች ስልኬ ይጮኻል። የትም ብሆን ለዚያ ሰዓት ቤት ነኝ።

አንድ ወዳጄ ቤቱ የነበረውን ዲያዜፓም «ስጫት፣ ያረጋጋታል» ብሎ ሊሰጠኝ ነበር። ደግነቱ ጠይቄ ነበር። ድመት በአፏ ስትወስደው አንዳንዴ ጉበቷን እስከ ሞት ሊጎዳው ይችላል። ወዳጄ ለኔ አስቦ ነው፤ አልተቀየምኩትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ስትራመድ የኋላ እግሯ ይከዳታል። ወደ መስኮቱ ለመዝለል አስባ ትተወዋለች። ስትራብ ደግሞ አትጣል። ድመቴን በመድኃኒት ቀየርኳት ብዬ ልተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ድንገት ማቋረጥ ግን ራሱ ከበፊቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ታገስኩ። ደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ሲለካ ልኩ ላይ መሆኑ ተነገረኝ። በሦስተኛው ሳምንት መስኮቱ ላይ ወጥታ አገኘኋት። ያን ቀን ደብተሩ ላይ የጻፍኩት «ዘለለች» ብቻ ነው።

ስለ ጸጥተኛ ቀናት ግን ማንም አልነገረኝም። ሲጥላትስ የማደርገውን አውቃለሁ፤ ሰዓት አያለሁ፣ ዕቃ አርቃለሁ፣ እጠብቃለሁ። ምንም በማይሆንበት ቀን ነው የምይዝ የምጨብጠው የሚጠፋኝ። ራሷን ስታክ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ነገር ከጠረጴዛ ሲወድቅ ልቤ አብሮ ይወድቃል። ስትተኛ ጆሮዋና መዳፏ ይንቀሳቀሳሉ፤ ድመት በሕልሟ እንዲህ ታደርጋለች፣ ጤነኛዋም ጭምር። ለመለየት ቀስ ብዬ ስሟን እጠራለሁ። ሕልም ከሆነ ዓይኗን ትገልጣለች። ድሃዋን ስንት ጊዜ በከንቱ ቀሰቀስኳት! ከሳምንት ወዲህ ግን በሌሊት አንዴ ብቻ ነው የምጠራት። ትናንት ማታ ጭራሽ አልጠራኋትም።

አሁን ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው። ማንቂያው ሳይጮህ አውቃለች፤ መደርደሪያው ሥር ገብታ ጭራዋ ብቻ ይታየኛል። ክኒኑን የምትወደው ምግብ ውስጥ ሸሽጌዋለሁ። ከበላችልኝ በኋላ ደብተሩን ከፍቼ የዛሬውን እሞላለሁ።