አርባ አንድ ስኒ

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ነው፤ የተቋሙን ስም ግን አልጠራም። ሥራዬ ለሠራተኛውና ለአካባቢው ኅብረተሰብ የሥነ ምግባር ሥልጠና ማዘጋጀት ነው። ጓደኞቼ «አባ ሥነ ምግባር» ይሉኛል። ስሙን ድሮም አልወደውም።

ባለፈው ዓመት ህዳር መጨረሻ ላይ፣ የዓለም የፀረ ሙስና ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ ግማሹ ሠልጣኝ ከውጭ ይሁን ተባለ። ከአዘዞ የእድር ዳኞች መጡ። የባጃጅ ሾፌሮችም የቀበሌ ሰዎችም መጡ። ሁሉም ከሰዓቱ ቀድመው ነው የደረሱት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቴንዳንሱ በሩ ላይ ተዘረጋ። ከእኛ ሰዎች አንዳንዱ ፈርሞ ገባ፣ አንዳንዱ ፈርሞ ወጣ። አበል ያለበት ሥልጠና ላይ የተገኘ ሰው ይህን ያውቀዋል። በዚህ መሀል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደወለ።

«ክላስ አለብኝ፤ ፈርምልኝ በናትህ።»

ፈረምኩለት። እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ገብቼ ስለ ሐቀኝነት ማስተማር ጀመርኩ።

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. መቋቋሙን ተናገርኩ። ስለ ሀብት ማስመዝገብ የወጣውን አዋጅ 668/2002 አነሳሁ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ላይ ስደርስ የኋላው ረድፍ ማዛጋት ጀመረ። አልፈርድባቸውም፤ አዋጅ በቁጥር ሲነገር እኔም ያዛጋኛል።

ማታ ሒሳብ ልዘጋ ቡና የሚያፈሉልንን እናት ጠራኋቸው።

«እትዬ፣ ስንት ስኒ ሆነ?»

«አርባ አንድ።»

አቴንዳንሱ ላይ ያለው ፊርማ ግን 57 ነው። ፋይናንስ ሁለቱ ካልገጠሙ ወረቀቱን እንደሚመልስብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀለል አድርጌ፣ «57 ብለው ይፈርሙልኝ፤ የሚተርፈው ለእርስዎ ነው» አልኳቸው።

እትዬ ጀበናውን እያጠቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አሥራ ስድስቱን ማን ጠጣው?»

ምን ልበል? ዝም አልኩ። አጠገባችን ጋቢያቸውን ለብሰው አበል የሚጠብቁ አንድ የእድር ዳኛ ነበሩ። ለካ ሁሉንም ሰምተዋል።

«በእኛ እድር» አሉ፣ «ስም ሲጠራ ለሌላ ሰው ‹አለ› ያለ ከቀረው ሰውዬ እኩል ይቀጣል።»

«ጥሩ ደንብ ነው፣ ጋሼ።»

«ጠዋት ያነበብክልን 881 ያልከው… ይኼንንም ይነካል?»

አነጋገራቸው የክፋት አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

አቴንዳንሱን አወጣሁና መጀመሪያ ለባልደረባዬ የፈረምኩትን ሰረዝኩ። ቀጥሎ እዚያው የነበረውን ሰው ስም እየጠራሁ አጣራሁ። ሌላ አሥራ አምስት ስም ተሰረዘ። ከእነዚህ ውስጥ አንድም የእድር ሰው፣ አንድም የባጃጅ ሾፌር አልነበረም። ሁሉም የእኛው ናቸው። እትዬም ለ41 ስኒ ፈረሙ። በማግስቱ ፋይናንስ «ስርዝ ድልዝ አንቀበልም» ስላለ ሊስቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ለአለቃዬ የሆነውን ስነግረው ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ሳቁን አቆመ። ባልደረባዬ አኮረፈ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፒያሳ ማኪያቶ የጠጣሁት ብቻዬን ነው።

በቀጣዩ ሥልጠና አዋጁን ወደ ከሰዓት ገፋሁት። ጠዋቱን ለእድር ዳኞቹ ሰጠናቸው። ሒሳባቸውን በጉባኤ ፊት እንዴት እንደሚያነቡ፣ ያልከፈለን ዘመድ እንዴት እንደሚጠይቁ፣ ደረሰኝ የጠፋበት ገንዘብ ያዥ ምን እንደሚደርስበት ተረኩ። እኔ በስላይድ አንድ ሰዓት የምፈጅበትን እነሱ በአንድ የለቅሶ ቤት ወሬ ጨረሱት። ያዛጋ ሰው አላየሁም። አቴንዳንሱንም በሩ ላይ አልዘረጋነውም፤ ዳኛው ራሳቸው ቆመው ስም ጠሩ።

ሊጀምሩ ሲሉ ስልኬ ጠራ። ያ ባልደረባዬ ነው። ከባጃጁ ድምፅ በላይ እየጮኸ፣

«መጣሁ፣ ደርሻለሁ! ስም መጥራት ጀመሩ እንዴ?»