ብሊናቱሞማብን ስንሞክር የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ሳይሆን ቱቦው ነው

ይህን የምጽፈው በአዋቂዎች ላይ ያገረሸ የቢ ሴል አጣዳፊ ሉኪሚያን በብሊናቱሞማብ የሚያክም ጥናት ውስጥ ለምትገቡ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ነው። እኔ ስጀምር ሥልጠናው በሙሉ ስለ ሳይቶካይን (የበሽታ መከላከያ ሴሎች ስለሚለቁት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን) ነበር፤ መድኃኒቱን ወደ ደም ሥር ስለሚያደርሰው ቱቦ የሚያስጠነቅቅ አልነበረም። እስካሁን ያናድደኛል።

መድኃኒቱ በአንድ ጫፉ የካንሰር ሴሉን ሲዲ19፣ በሌላው የቲ ሴልን (የበሽታ መከላከያ ሴል) ሲዲ3 የተባሉ የሴል ገጽ ፕሮቲኖች ይዞ ያገናኛቸዋል። 405 ሕመምተኞች የገቡበት የታወር ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ አማካይ የሕይወት ቆይታ (ሚዲያኑ) በብሊናቱሞማብ 7.7 ወር፣ በኬሞቴራፒ 4.0 ወር ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

መደበኛው ሥራ ቀላል ነው። ሲዲ19 መኖሩን በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በሌዘር በሚለይ ምርመራ) አረጋግጡ። ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ) 20 ሚሊግራም ከመጀመሪያው መጠን አንድ ሰዓት በፊት፣ በ8ኛው ቀን መጠኑ ሲጨምርም እንዲሁ። መድኃኒቱ በፓምፕ ሳይቋረጥ ይንጠባጠባል፦ በቀን 9 ማይክሮግራም ለ7 ቀን፣ ከዚያ 28 ማይክሮግራም እስከ 28ኛው ቀን፣ ቀጥሎ 14 ቀን እረፍት፤ ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ፋርማሲው ማረጋጊያውን መጀመሪያ ሳላይኑ (የጨው ውሃው) ውስጥ ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ከከረጢቱ ፕላስቲክ ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ዱቄቱ የሚሟሟው ግን በንጹህ የመርፌ ውሃ እንጂ በማረጋጊያው አይደለም።

አሁን ወደ ቱቦው። ነርስ ሁሉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ መስመርን ፍላሽ ማድረግ (በስሪንጅ ሳላይን ገፍቶ ማጠብ) ለምዷል፤ እጁ ሳያስብ ይሠራዋል። እዚህ ግን ፍላሽ ማድረግ ማለት ቱቦው ውስጥ የቀረውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ መግፋት ነው። ስሌቱን እዩት። ፓምፑ በሰዓት 10 ሚሊሊትር በሚሰጥበት የ24 ሰዓት ከረጢት፣ ካቴተሩ (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ) ውስጥ ያለ 1 ሚሊሊትር የ6 ደቂቃ መጠን ነው። በሰዓት 2.5 ሚሊሊትር በሚሄደው የ96 ሰዓት ከረጢት 24 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 0.6 በሚሄደው የ7 ቀን ከረጢት ደግሞ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፤ ማለትም በቀን 28 ማይክሮግራም ሲሰጥ ወደ 2 ማይክሮግራም በአንድ ግፊት። ከረጢቱ ለነርሷ በተመቸ ቁጥር ስህተቱ ለሕመምተኛው ይከብዳል። መመሪያው የ7 ቀኑን ይፈቅዳል፤ እኔ በመጀመሪያው ዙር አልቀበለውም።

ተቃራኒውም አለ። አዲሱ ቱቦ በሳላይን ከተሞላ ሕመምተኛው ለዚያ ያህል ጊዜ መድኃኒት አያገኝም፤ የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው የሚሞላው ከከረጢቱ በሚወርደው በራሱ በተዘጋጀው መድኃኒት ነው።

ፓምፑ “ተዘግቷል” ብሎ ሲጮህ ስሪንጅ አታንሡ። ክላምፑን፣ የቱቦውን መታጠፍ፣ 0.2 ማይክሮኑን ማጣሪያ፣ የሕመምተኛውን ክንድ በቅደም ተከተል እዩ። መስመሩን የግድ መክፈት ካለባችሁ መጀመሪያ ወደ ኋላ ስባችሁ ያወጣችሁትን ደም ጣሉ። ፓምፑ የቆመበትን ሰዓት ወዲያው ጻፉ፤ 4 ሰዓት ከሞላ እንደገና የሚጀመረው በክትትል ሥር ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ዴክሳሜታሶኑም ይደገማል። ሉመኑ (የካቴተሩ መተላለፊያ) ላይ “ፍላሽ አይደረግም” የሚል ደማቅ ምልክት ለጥፉ። አንድ ሉመን ብቻ ያለውን ሰው ሁለተኛ መስመር ሳይገባለት አላስጀምርም፤ አንቲባዮቲክና ደም መምጣታቸው አይቀርምና።

በመጀመሪያው ዙር የሚመከረው 9 ቀን ሆስፒታል መቆየት ነው። 9ኛው ቀን ዓርብ ላይ ከዋለ እስከ ሰኞ አቆዩት፤ ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ፓምፕ ሲቆም ስልክ የሚያነሳው ሰው መድኃኒቱን ላያውቀው ይችላል።

የነርቭ ጉዳትን ለመያዝ በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፉ፣ ከትናንቱም ጋር አስተያዩት። ሕመምተኛው አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚጽፍ ከሆነ በዚያው ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛ የተንቀጠቀጠ ፊደል ድሮም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚጻፈው ናሙና ደግሞ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፣ የሚነጻጸርበት ከሌለ የ10ኛው ቀን ጽሑፍ ምንም አይነግራችሁም።