ራዲዮ የሌለውን የኤሌክትሪክ ፒካፕ በጣርማ በር ዳገት መዘንኩት

ሽንኩርት ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ድንችና ገብስ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያመላልስ ሰው ስለ መኪና ሲያስብ መጀመሪያ ፊቱ የሚደቀነው ጣርማ በር ነው። የእኔ ፒካፕ አርጅታለች፤ ናፍጣ ፍለጋ የምሰለፍበት ጊዜም ከጫንኩት ሽንኩርት ዕድሜ እየቀነሰ ነው። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ፣ ምትክ ስፈልግ ዓይኔ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረ። ስሌይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በሚያዝያ 2017 ለሕዝብ ያሳየውን ፒካፕ ያገኘሁት በዚህ ፍለጋ ላይ ሳለሁ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም። ነጠላ ጋቢና ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ውጫዊ አካሉ ላሜራ ሳይሆን ግራጫ ፕላስቲክ ነው፤ ፋብሪካው ቀለም የሚባል ነገር አይቀባም፤ ሌላ መልክ የፈለገ ባለቤት በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያስለጥፋል። መስኮቱ በእጅ እየተዘወረ ይወርዳል። ራዲዮም ትልቅ ስክሪንም የለውም፤ በስክሪኑ ፋንታ የራስን ስልክ የሚያስቀምጡበት መያዣ አለ። ሲያስፈልግ ከኋላ ተጨማሪ ወንበርና ጣሪያ ተገጥሞለት አምስት ሰው የሚይዝ መኪና ይሆናል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይበርትራክ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒካፑን ሲያሳይ ሰው የተገረመው በማይዝግ ብረቱና በሾለው ቅርጹ ነበር። ይህኛው ግን ሰውን የሚያስገርመው በተቀነሱለት ነገሮች ነው።

ፎቶውን ደብረ ብርሃን ላይ መኪናዬን ለሚጠግኑልኝ አዛውንት የቦዲ ሠራተኛ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አቅርበው ተመለከቱት። «ልጄ፣ ይህ ሲጋጭ አይቀጠቀጥ፣ አይበየድ፤ እኔ ምን ልሠራለት ነው?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን በራሳቸው ፒካፕ በር ግርጌ ላይ ዝገት የበላውን ቦታ በጣታቸው እየነካኩ፣ «ይህን ግን አያውቀውም» ሲሉ ጨመሩ። የአይሱዙ ሹፌር የሆነ ወዳጄ በሙዚቃው ነገር ተከራከረኝ፤ ሌሊት ያለ ዘፈን እንዴት ይነዳል ባይ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ስክሪን የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና የሚባል ነገር ሊዋጥላቸው አልቻለም።

እኔ ወዲያው ወደድኩት፤ የወደድኩትም ስለ መስኮቱ ነው። የመስኮት ሞተር ሲቃጠል መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ በደብረ ብርሃን ብርድ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኖ መንዳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በእጅ የሚዘወረውን መስኮት እንደ ጉድለት አያየውም። ያልተገጠመ ነገር አይበላሽም። በመኪናው ላይ የሰማሁት የመጀመሪያ ትችት ሁሉ ስለ ጎደለው ነገር ነበር፤ ለጭነት ሠራተኛ ግን ጥያቄው ምን ያህል ይጭናል፣ ዳገቱንስ ወጥቶ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

በጭነቱ ጀመርኩ። ኩባንያው የመጫን አቅሙ ወደ 650 ኪሎ ነው ይላል። ስድስት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱም ይቆጠራሉ። ሁለታችን ስንቀነስ ለሽንኩርቱ የሚተርፈው አምስት ኩንታል ገደማ ነው። የተለመዱት የናፍጣ ፒካፖች አንድ ቶን አካባቢ ስለሚጭኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለ ኤሌክትሪክ ፒካፕ የሚጠይቀኝን ሁሉ መጀመሪያ ሰውን ከጭነቱ ቀንስ እለዋለሁ።

ቀጥሎ ዳገቱ መጣ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱን 1,800 ሜትር አልኩት። መኪናው ባዶውን 1,630 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ 2,280 ኪሎ ይሆናል። ክብደቱን በመሬት ስበት ቁጥር በ9.8፣ ከዚያም በከፍታው አባዝቼ፣ የመብራት ቆጣሪ ወደሚቆጥርበት መለኪያ ወደ ኪሎ ዋት ሰዓት ለመለወጥ ለ3.6 ሚሊዮን ሳካፍለው 11.2 ወጣ። ይህ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። በሞተሩና በጥርሶቹ የሚባክነው ሲታከል ወደ 13 ይደርሳል።

የአነስተኛው ባትሪ መጠን 52.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ኩባንያው በዚህ 240 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሏል። ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.22 ገደማ መሆኑ ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለመንገዱ 21፣ ለዳገቱ 13፣ በድምሩ 34 ይፈጃል። ባዶውን ሲወርድ ቁልቁለቱ ከፊሉን ኃይል ስለሚመልስ 17 አካባቢ ይበቃዋል ብዬ ገመትኩ። ደርሶ መልሱ 51 ሆነ፤ ባትሪው ያለው 52.7 ነው! በጠመዝማዛው ላይ ቀስ ብሎ መነዳቱ ፍጆታውን ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን የጭነቱና የብርዱ ነገር ስላለ በዚያ ላይ ተማምኖ የሚወጣ ሹፌር የለም። በትልቁ ባትሪ፣ በ84.3ቱ ግን ልብን ሳያንጠለጥሉ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ወረቀት ብቻውን አላረካኝም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የቻይና ሥሪት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ያለውን የአክስቴን ልጅ ለምኜ አብሬው ወረድኩ፤ በየከተማው የባትሪውን መቶኛ እየጻፍኩ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ቁጥሩ በእርጋታ ወረደ። ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር መቀነሱን አቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቁልቁለት ደግሞ ጭራሽ እየጨመረ ሄደ። ፍሬኑን እምብዛም ሳንነካው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ወረድን። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ በዚያ መንገድ ላይ የለመደ አፍንጫ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበል አይችልም፤ በጣም የቀዘቀዘ ባትሪም በደንብ አይቀበልም። ስለዚህ ደብረ ሲና አድሮ መቶ በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል የሚነሳ ሰው መኪናውን የሚይዘው በፍሬኑ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን የሚነሳ ግን ጣርማ በር እስኪደርስ ድረስ ባትሪውን በቂ ቦታ ስለሚያስለቅቀው አይቸገርም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲበረታ ግን፣ ለጉዞው የሚበቃውን ኃይል ስንገምት ትርፍ መያዝ ግድ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ ያየሁት ደግሞ ልቤን ደስ አሰኘው። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው የናፍጣ ሞተር በስሱ አየር ምክንያት በ3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ዋሻው አፍ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። የስሌይት ሞተር 201 የፈረስ ጉልበት አለው። ለአምስት ኩንታል ሽንኩርት ከበቂ በላይ ነው።

የሚያሳስበኝ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው መሆኑ ነው። በአስፋልቱ ላይ ችግር የለውም፤ በክረምት ወደ ገበሬው ማሳ ስገባ ግን ጭቃው ምሕረት የለውም። የቻርጅ መሰኪያውም የአሜሪካ ዓይነት ነው፤ እኛ አገር በብዛት ያሉት የቻይና መኪኖች ደግሞ የሚጠቀሙት የራሳቸውን ነው። ዋጋውም ሲተዋወቅ በአሜሪካ መንግሥት ድጎማ ከ20,000 ዶላር በታች ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ድጎማው እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ቀርቷል።

እናም ይህን መኪና ራሱን አልጠብቅም። የምፈልገው ሐሳቡን ነው፤ በእጅ የሚዘወር መስኮት፣ የማይዝግ አካል፣ አሥር ኩንታል የሚሸከም ባሌስትራ፣ ከ80 ኪሎ ዋት ሰዓት ያላነሰ ባትሪ። በአዲስ አበባ መኪና የሚገጣጥሙ ሰዎች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ስክሪኑን ትተው በገንዘቡ ባትሪውን ያተልቁልን።

እስከዚያው የቻርጁን ነገር እያመቻቸሁ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት አነጋግሬያለሁ። ለወፍጮው የገባ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለው፤ ሽንኩርት በምንጭንበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወፍጮው ብዙውን ጊዜ ሥራ ይፈታል። በ11 ኪሎ ዋት ሁለት ሰዓት ቢሞላ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገባል፤ ዳገቱን አስወጥቶ ይተርፋል። ለብቻው ቆጣሪ ከተገጠመ በየወሩ በንባቡ ልከፍለው ተስማምተናል፤ የቆጣሪውን ማመልከቻ የሚያስገባው እሱ ነው።